ከአልዩ አምባ ኬላ እስከ ጄኔቭ፦ የመንግሥት የንግድ ሕግ ባለሙያ ታሪክ ከሸዋ ደጋ ሲታይ



በዓለም አቀፍ ንግድ ጉዳይ ለመንግሥት የሚሠራ የሕግ ባለሙያ ሲባል፣ ብዙዎቻችን የምናስበው ጄኔቭ ተቀምጦ ከዓለም ንግድ ድርጅት አባላት ጋር የሚደራደረውን ሰው ነው። ስለዚህም ሙያው ከትናንት ወዲያ የተወለደ ይመስለናል። እኔ ግን ሥራው ከሠራተኛው እንደሚቀድም ለማሳየት እሞክራለሁ። የውጭ መንግሥት ያቀረበውን የንግድ ውል አንቀጽ በአንቀጽ የሚመዝን ሰው የሚቀመጥበት ወንበር በዚህ አካባቢ ከተዘረጋ ከመቶ ሰማንያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በእኛ በኩል ያለው ወንበር ግን ለረጅም ጊዜ ባዶ ነበር። ለማነጻጸር እንዲመች ዓመታቱን በአውሮፓ አቆጣጠር እጠራለሁ።

የሸዋ ነገሥታት መነሻ መንዝ መሆኑን ታውቃላችሁ። ነጋሲ ክርስቶስ የተነሡት ከዚያው ከደጋው ነው። የመንዝና የግሼ ደጋ ግን ገብስ፣ በግና ባና እንጂ የሩቅ ነጋዴ የሚሻውን ሸቀጥ አይሰጥም። ዘራቸው ከትውልድ ወደ ትውልድ ወደ ደቡብ እየወረደ አንኮበር ላይ የተተከለበትን ምክንያት ስናስብ፣ የቦታውን ምሽግነት ብቻ ማንሣት አይበቃም። ከአንኮበር ግርጌ የአልዩ አምባ ገበያ አለ። ከአፋር ቆላ የሚወጣው ጨው፣ ከታጁራ በኩል የሚገባው ጨርቅና ብረታ ብረት፣ ወደ ባሕር የሚወርደው ሁሉ በዚያ አፋፍ ያልፋል። አፋፉን የያዘ ንግዱን ይዟል።

የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የንግድ ሥርዓት በቦታ ላይ የተመሠረተ እንጂ በጽሑፍ የተደነገገ አልነበረም። የምሥራቁን በር የሚጠብቁት ወላስማ መሐመድ ነበሩ። ከባሕር የመጣ እንግዳ ፋሬ ላይ ይቆማል፤ ከንጉሡ ፈቃድ ሳይመጣ ዳገቱን አይወጣም። ከገባ በኋላ ደግሞ መውጣቱ በንጉሡ ፈቃድ ነው። በአገሩ ውስጥ የሞተ የውጭ ሰው ንብረት ለቤተ መንግሥቱ ይሆናል፤ ተራው ባላገርም ውድ የውጭ ዕቃ ገዝቶ በአደባባይ እንዳይታይበት ክልከላ ነበረበት። ይህን ሁሉ የውጭ ተጓዦች የንጉሡ ጠባይ አድርገው ጽፈውታል። በእኔ አስተያየት ግን የጠባይ ጉዳይ አይደለም። ዛሬ የአስመጪነት ፈቃድ፣ የመግቢያና የመውጫ ቪዛ፣ የቅንጦት ዕቃ ገደብ የምንላቸው ነገሮች ናቸው፤ ልዩነቱ ሁሉም በአንድ ኬላና በአንድ ሰው ቃል መከናወናቸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1841 ካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የብሪታንያ ሕንድ መንግሥት መልእክተኛ ሆኖ፣ ጠመንጃና ሌላ ገጸ በረከት አስጭኖ ወደ ሸዋ መጣ። እሱም እንደማንኛውም እንግዳ ፋሬ ላይ ቆሞ ፈቃድ ጠበቀ። ኖቬምበር 16 ቀን ግን አንጎለላ ላይ፣ አሁን ከምንገኝበት ከደብረ ብርሃን ብዙ ሳይርቅ፣ ዐሥራ ስድስት አንቀጾች ያሉት የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ። በእንግሊዝ ሸቀጥ ላይ የሚጣለው ቀረጥ በ5 በመቶ ተወሰነ። ሃሪስ ራሱ በመጽሐፉ በኩራት እንደሚዘረዝረው፣ የሞተን እንግዳ ንብረት የመውረሱ ልማድ፣ በውድ ዕቃ ላይ የነበረው ክልከላና የጉዞው እገዳ በውሉ ቀሩ። ቀደም ብዬ የዘረዘርኋቸው የኬላው ደንቦች በአንድ ብራና ላይ ተሻሩ ማለት ነው።

በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የነበረው ማን ነው? የውሉ ሐሳብ ከእንግሊዞቹ በኩል የመጣ ነው። በሁለቱ ወገኖች መካከል ያስተረጎመው ከ1839 ጀምሮ በሸዋ የቆየው ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ሲሆን፣ እሱም ለእንግሊዞቹ መምጣት ከልቡ የደከመ ሰው ነበር። በንጉሡ በኩል ጸሐፍትና ፍትሐ ነገሥትን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሊቃውንት አልጠፉም። ፍትሐ ነገሥት ስለ ሽያጭ፣ ስለ ብድር፣ ስለ ውርስ ብዙ ይላል፤ አንድ መንግሥት ለሌላው መንግሥት በቀረጥ ጣሪያ ሲታሰር ምን እንደሚከተል ግን አያስተምርም።

ይሁንና ንጉሡ ተታለሉ የሚለውን ፍርድ አልቀበልም። የፈለጉት መሣሪያና ወዳጅ ነበር፤ መሣሪያው ደርሷቸዋል። ወላስማ መሐመድም በበሩ ላይ እንደነበሩ ቀሩ። የሃሪስ ልዑክ በ1843 ሲሄድ ይህ ነው የሚባል የእንግሊዝ ንግድ አልተከተለም፤ በዚያው ዓመት ከፈረንሳዩ ሮሼ ዴሪኩር ጋር የተፈረመውም ውል ያመጣው ለውጥ ጥቂት ነው። ኬላው በንጉሡ እጅ እስካለ ድረስ ወረቀቱ ብቻውን አቅም አልነበረውም።

አቅም ያገኘው ባቡር ሲመጣ ነው። በመካከሉ ያለውን የውጫሌ ውልና የአንቀጽ 17ን ነገር ሁላችሁም ስለምታውቁት አልፈዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ላስታውስ፤ ስለ ትርጉሙ ስንከራከር የወዳጅነትና የንግድ ውል መሆኑን እንረሳለን።

ጃንዋሪ 10 ቀን 1908 ዳግማዊ ምኒልክ ከፈረንሳዩ መልእክተኛ ከአንቶኒ ክሎቡኮቭስኪ ጋር የተፈራረሙት ውል ግን በታሪክ መጻሕፍቶቻችን የሚገባውን ያህል ቦታ አላገኘም። ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ የንግድና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ከተሾሙ ገና ወራት ቢሆናቸው ነው። ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ሰው እጅ መሆናቸው በራሱ ይናገራል፤ የውጭ ግንኙነት ማለት በአብዛኛው ጉምሩክ ነበር። ውሉ ቀረጡን በ10 በመቶ ወሰነው፤ ለወይን ጠጅና ለመሰሎቹ ደግሞ በ8። ሰባተኛው አንቀጽ፣ የኢትዮጵያ ሕግ ከአውሮፓ ሕግ ጋር እስኪስማማ ድረስ፣ በፈረንሳውያን መካከል የሚነሣውን ክርክር ለቆንስላቸው ሰጠ። በኢትዮጵያዊና በፈረንሳዊ መካከል ያለውን ጉዳይ ኢትዮጵያዊው ዳኛ ከቆንስሉ ጋር ሆኖ ያያል፤ ሕጉም የተከሳሹ አገር ሕግ ይሆናል።

የንጉሠ ነገሥቱ ምርጫ ጠባብ ነበር። መሣሪያ በጂቡቲ በኩል ይገባል፤ ድሬዳዋ ላይ የቆመው ሐዲድም ወደ አዲስ አበባ እንዲቀጥል ፈረንሳይ ታስፈልጋለች። የሐዲዱ ፈቃድ የተሰጠው ውሉ በተፈረመ በዚያው ወር ነው። ዋጋው ለአንድ አገር የተከፈለ ይመስል ነበር። ሆኖም በሌሎቹ ውሎች ውስጥ፣ ለምሳሌ በ1903 ከዩናይትድ ስቴትስ መልእክተኛ ከሮበርት ስኪነር ጋር በተፈረመው ውስጥ፣ እጅግ ተመራጭ አገር የሚባለው አንቀጽ ተቀምጧል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ለሌላው የሰጠኸውን ለእኔም ትሰጣለህ ማለት ነው። ስለዚህ ለፈረንሳይ የተሰጠውን ሌሎቹም መንግሥታት ጠየቁ፤ አገኙም። የቀድሞዎቹን ውሎች ከአዲሱ ረቂቅ ጎን ዘርግቶ፣ ይህ አንቀጽ ከዚያ ጋር ሲነካካ ማን ምን ያገኛል ብሎ የሚያሰላ አንድ ሰው ያስፈልግ ነበር። የመንግሥት የንግድ ሕግ ባለሙያ የዕለት ሥራው ይኸው ነው።

ወደዚህ ወንበር የቀረበው ሰው ደግሞ የመርሐ ቤቴ ልጅ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን በደራሲነታቸው እናውቃቸዋለን። የቤተ ክህነት ተማሪ የነበሩት እኚህ ሰው፣ ከሰባተኛው አንቀጽ የተወለደውን ልዩ ፍርድ ቤት በ1920ዎቹ በዳኝነት መርተዋል። ነገሩን አስቡት። አንድ የአዲስ አበባ ነጋዴ የፈረንሳይ ዜጋ የሆነውን የውጭ ነጋዴ ቢከስ፣ ኢትዮጵያዊው ዳኛ አጠገቡ ቆንስል አስቀምጦ፣ ባልተማረው አገር ሕግ ይፈርድ ዘንድ ይጠበቅበታል። ከአንኮበር በታች የነበረው ኬላ አሁን የችሎት ወንበር ሆኗል፤ በሩ ላይ የቆመው ግን እንግዳው ሳይሆን ባለአገሩ ነበር።

ኅሩይ ከ1930ዎቹ መጀመሪያ እስከ ጣልያን ወረራ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሲሆኑ ያንኑ ውል ከሌላው ወገን አዩት። በ1931 መንግሥት የፍጆታ ግብር ሲደነግግ፣ ሌጋሲዮኖቹ ከ1908ቱ የቀረጥ ጣሪያ ጋር ይጋጫል ብለው ተቃወሙ። የክርክሩ ፍሬ ነገር ዛሬም በንግድ ሕግ ክፍል ይጠየቃል፦ በድንበር የማይሰበሰብ፣ ነገር ግን በገቢ ዕቃ ላይ የሚያርፍ ግብር ቀረጥ ነው ወይስ አይደለም? መንግሥቱ በዚህ ጊዜ አማካሪዎች ነበሩት፤ ለሕጉ ስዊዘርላንዳዊው ኦቤርሶን፣ ለገንዘቡ አሜሪካዊው ኮልሰን። ወንበሩ ተይዟል፤ የያዙት ግን በአብዛኛው የውጭ ሰዎች ናቸው። ኅሩይ በዚያው ዓመት ወደ ጃፓን የተጓዙት ከዚህ ጥበት መውጫ ፍለጋም ጭምር ይመስለኛል። ከጃፓን ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል በኖቬምበር 1930 ተፈርሟል፤ የጃፓን አቡጀዲም የአሜሪካኑን ከገበያ አስወጥቶ ነበር። ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን የተባለውን መጽሐፋቸውን ለሥልጣኔ ምኞት ብቻ ሳይሆን ለንግድ ፖሊሲም ብታነቡት ትጠቀማላችሁ።

ከነጻነት በኋላ ጆን ስፔንሰር ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የሕግ አማካሪነት ተመለሰ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ የተከፈተው በ1963 ነው፤ አንጎለላ ላይ ውሉ ከተፈረመ ከ122 ዓመት በኋላ።

ኢትዮጵያ ለዓለም ንግድ ድርጅት አባልነት ያመለከተችው በ2003 ነው። የንግድ ሥርዓቷን የሚገልጸውን ሰነድ በ2007 አቀረበች፤ የሥራ ቡድኑ በ2008 የመጀመሪያ ስብሰባውን አደረገ። አመልካች አገር ከሚፈልጉት አባላት ጋር በተናጠል ይደራደራል፤ በተናጠል የሰጠው ሁሉ በመጨረሻ ተጠቃልሎ ለአባላቱ በሙሉ ይሆናል። በ1908 ሳይታሰብ የደረሰው ነገር እዚህ በግልጽ የተጻፈ ደንብ ነው። የቀረጡ ጣሪያም አለ። ይሁን እንጂ በ2012 ድርጅቱ በኢኮኖሚ እጅግ ኋላ ለቀሩ አገሮች ያወጣው መመዘኛ ለእርሻ ምርት በአማካይ 50 በመቶ፣ ለሌላው ሸቀጥ 95 በመቶውን የታሪፍ መስመር በአማካይ 35 በመቶ ይፈቅዳል። ከ10 በመቶው ጋር አስተያዩት። ደግሞም ጣሪያው የሚከፈለው ቀረጥ አይደለም፤ መንግሥት ከጣሪያው በታች እንደ ፍላጎቱ ሊወጣና ሊወርድ ይችላል። በአማካይ መሆኑም ትልቅ ነገር ነው፤ ለመንዝ ሱፍ ከፍ አድርጎ ለማሽን መለዋወጫ ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ የትኛውን መስመር ከፍ፣ የትኛውን ዝቅ እንደሚያደርግ የሚያውቅ ሰው ከኖረ።

ሰባተኛው አንቀጽ "ሕጋችሁ ከአውሮፓ ሕግ ጋር እስኪስማማ" ሲል የትኛው ሕግ፣ እስከ መቼ፣ በማን ፍርድ እንደሆነ አልዘረዘረም። ዛሬም አባላቱ ሕጋችንን እንድናስተካክል ይጠይቃሉ። አሁን ግን ጥያቄው በጽሑፍ ይቀርባል፣ መልሱም በጽሑፍ ይሰጣል፤ ግዴታ የሚሆኑት አንቀጾች በሥራ ቡድኑ ሪፖርት ውስጥ ተለይተው ይጻፋሉ፤ የመሸጋገሪያ ጊዜም ይጠየቅባቸዋል። በአንድ አንቀጽ ውስጥ "ወዲያውኑ" በሚለውና "ከአምስት ዓመት በኋላ" በሚለው መካከል ያለው ርቀት አንድ ፋብሪካ የሚቆምበት ወይም የሚዘጋበት ርቀት ነው፤ ረቂቁን መጀመሪያ የሚይዘው ብዕርም ከንግድ ሚኒስቴር የሕግ ክፍል የሚወጣ ነው። ከእናንተ መካከል ወደዚያ የምትሄዱ ከሆነ፣ ከስምምነቶቹ ጋር የ1908ቱን ውል የአማርኛና የፈረንሳይኛ ጽሑፍ ጎን ለጎን አድርጋችሁ እንድታነቡ እጠይቃለሁ። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።