የጠጕር ሥራ በአገራችን ታሪክ

ታሪክ ስንማር አብዛኛውን ጊዜ የምንማረው ስለ ነገሥታት፥ ስለ ጦርነትና ስለ ውል ነው። ይህም የሚገባ ነው። ነገር ግን በየቤቱ የሚሠራና በየቤቱ የሚረሳ ሌላ ታሪክ አለ፤ ከዚህም አንዱ የጠጕር ሥራ ነው። የትምህርት ቤታችን በዓል በተቃረበ ጊዜ ለእኛ ለመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች የደረሰን ሥራ የአገራችንን የጠጕር አሠራር ከጥንት እስከ ዛሬ በኤግዚቢሽን ማሳየት ነበር። ስለዚህ በዚያ ሥራ የተማርነውን ለአንባብያን ለማካፈል ይህን ጽሑፍ አዘጋጀን።

አስቀድመን ያጋጠመንን ችግር እንናገራለን። የምንኖርበት ሰፈር ሃያ ሁለት ነው። ሰፈሩ ይህን ስም ያገኘው እዚህ ድረስ መጥቶ ይዞር ከነበረው ከ22 ቍጥር አውቶቡስ ነው ይባላል። ዛሬ በባቡሩ ሐዲድ ግራና ቀኝ ፎቅ ተሠርቶበታል፤ የሴቶች ጠጕር ቤት የሌለበትን መንገድ ማግኘትም ያስቸግራል። እኛም መጀመሪያ ያሰብነው አሥር ልጃገረዶች ወደ ጠጕር ቤት ሄደው እንዲሠሩ ነበር። ዋጋውን ጠይቀን ስንደምረው ግን ለኤግዚቢሽኑ ከተሰጠን ገንዘብ በለጠ። ጕድለቱን እያንዳንዳችን ከቤታችን እናምጣ በተባለ ጊዜ ከመካከላችን አንዲቱ «አሞኛል» ብላ ከልምምዱ ቀረች። በኋላ እንደ ተረዳነው ሕመም አልነበረባትም። እናቷ እንጀራ ጋግረው እየሸጡ የሚያሳድጓት ልጅ ስለ ሆነች፥ ገንዘቡን እናቷን ከመጠየቅ መቅረትን መርጣ ነበር። ይህን ባወቅን ጊዜ ሁላችንም አፈርን። ማንም ምንም ሳይከፍል በቤት ውስጥ እንሥራው ብለን ተስማማን፤ አሠራሩንም ለማወቅ የጥንቱን መጠየቅ ጀመርን።

በቀድሞ ዘመን ጠጕር የሰውን ዕድሜና ኑሮ የሚናገር ምልክት ነበር። ትንሽ ልጅ ራሱ ተላጭቶ በዐናቱ ላይ ቁንጮ ይተውለት ነበር። ያላገባች ልጃገረድ መካከሉ ተላጭቶ ዙሪያው ሲቀርላት ሳዱላ ትባል ነበር፤ ባገባች ጊዜ ጠጕሯን አሳድጋ ሹሩባ ትሠራለች። ኀዘን የደረሰባት ሴት ደግሞ ጠጕሯን ትላጭ ነበር። ስለዚህ አንድ መንገደኛ ወደ ማያውቀው አገር ሲገባ፥ ማን ልጃገረድ፥ ማን ባለ ትዳር፥ ማንስ ኀዘንተኛ እንደ ሆነች አፍ አውጥቶ ሳይጠይቅ ለመለየት ይችል ነበር።

ይህ ልማድ ጨርሶ አልጠፋም። በየዓመቱ ከነሐሴ 16 ቀን ጀምሮ በዋግ ሻደይ፥ በላስታ አሸንድዬ፥ በትግራይም አሸንዳ ሲከበር ልጃገረዶች ጠጕራቸውን ተሠርተው፥ ቅቤ ተቀብተውና ጌጣቸውን አድርገው ይወጣሉ። ለዚያ ቀን የሚያዘጋጇቸው እናቶቻቸው፥ እኅቶቻቸውና ጎረቤቶቻቸው ናቸው። አንዷ የሌላዋን ትሠራለች፤ የተሠራችውም በተራዋ ትሠራለች።

ሹሩባ የሴት ብቻ እንዳልነበረም ማስታወስ ይገባል። በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርታችን ሶምሶን በራሱ ላይ ሰባት ጉንጉን እንደ ነበረው ተምረናል። በእኛም አገር በጦርነት ጀብዱ የፈጸመ ሰው ጠጕሩን ይሠራ ነበር። የዐፄ ቴዎድሮስ ሥዕል በሁላችንም ዘንድ የሚታወቀው በሹሩባቸው ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ. ም. በመቅደላ ላይ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ ከጠጕራቸው ጥቂቱ ተቈርጦ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ። ለንደን በሚገኘው የጦር ሠራዊት ሙዚየም ለብዙ ዓመታት ከተቀመጠ በኋላ በመጋቢት ወር 2011 ዓ. ም. ለኢትዮጵያ መንግሥት ተመለሰ። ይህን ለመረከብ ሚኒስትር ወደ ለንደን ሄደዋል። ጥቂት ዘለላ ጠጕር ከ150 ዓመት በኋላ የሁለት መንግሥታት ጕዳይ መሆኑ፥ ጠጕር በሕዝባችን ዘንድ ምን ያህል ክብር እንዳለው ያስረዳል።

በዚሁ ምዕተ ዓመት አገራችንን ያዩ የውጭ አገር ሰዎችም የጠጕሩን ሥራ ሳያደንቁ አላለፉም። ማንስፊልድ ፓርኪንስ የተባለው እንግሊዛዊ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1843 እስከ 1846 በሰሜን ኢትዮጵያ ሲኖር ልብሱን ብቻ ሳይሆን ጠጕሩንም እንደ አገሩ ሰው አድርጎ ቅቤ ይቀባ ነበር። የተሠራው ጠጕር በእንቅልፍ ጊዜ እንዳይበላሽ ሰዎች ከትራስ ይልቅ ከእንጨት በተጠረበ ብርኩማ ላይ ይተኙ ነበር። ቅቤውም ለጌጥ ብቻ አልነበረም፤ ደጋው ፀሐይና ነፋስ የበዛበት ስለ ሆነ ጠጕሩ እንዳይደርቅና እንዳይሰባበር ይጠብቀዋል።

በጣሊያን ወረራ ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ. ም.፥ ጠጕር ሌላ ትርጕም አገኘ። በዱር በገደሉ የተዋጉት አርበኞች ጠጕራቸውን ሳይቈረጡ አሳደጉት፤ የጎፈሬያቸው ፎቶግራፍም እስከ ዛሬ የነጻነት ምልክት ሆኖ ይታያል።

ከነጻነት በኋላ ግን ከተማው ወደ ሌላ ዐይነት ውበት ዞረ። በከሰል የሚግል ካውያ፥ ቢጎዲንና የፀጉር ማድረቂያ እየተለመደ ሄደ። የጋለ ብረት አሠራር የመጣው ከሩቅ ነው፤ ማርሴል ግራቶ የተባለ ፈረንሳዊ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1872 በፓሪስ ከተማ በጋለ ብረት ጠጕርን እንደ ማዕበል ማጠፍ ጀምሮ ነበር። በ1950ዎቹ ዓ. ም. የአዲስ አበባ ወይዛዝርት ጠጕራቸውን ከፍ አድርገው አበጥረው ይታዩ ነበር፤ የዛሬ ልጃገረዶች በድሮ ፎቶግራፍ አይተው የሚመኙትም ይኸንኑ ነው።

ያ ዘመን ያለ ክርክር አላለፈም። በመጋቢት ወር 1960 ዓ. ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፋሽን ትርኢት በተዘጋጀ ጊዜ ብዙ ተማሪዎች የባዕድ ባህል ነው ብለው ተቃወሙት፤ ነገሩም እስከ ረብሻ ደረሰ። የሴቶች መልክና ልብስ የአገር ፖለቲካ ሆነ ማለት ነው። ከዚያም ወጣቶች ከአሜሪካ ጥቍሮች ያዩትን አፍሮ አሳደጉ። አባቶች ግን ያንን ጠጕር ባዩ ጊዜ አዲስ ነገር አልሆነባቸውም፤ የአርበኞችን ጎፈሬ ያስታውሱ ነበርና።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተዋልን። በየታሪኩ መጽሐፍ የጠጕሩ ባለቤት ስም ይጻፋል፤ የሠሪው ስም ግን አይጻፍም። የንጉሡ ሹሩባ ይታወቃል፤ ተቀምጣ የሠራችው ሴት ግን አትታወቅም። በሌላ አገር እንዲህ ያልሆነበት ጊዜ አለ። በአሜሪካ አገር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1867 ከባርነት ከወጡ ወላጆች የተወለደችው ማዳም ሲ. ጄ. ዎከር ልብስ አጣቢ ነበረች። በኋላ ለጥቍሮች ጠጕር የሚሆን ቅባት አዘጋጅታ፥ ብዙ ሴቶችን አሠልጥና እንጀራ አበላች፤ በ1919 በሞተች ጊዜም እጅግ የታወቀች ባለ ሀብት ነበረች። የእርሷ ስም የተረፈው በቅባቱ ቆርቆሮ ላይ ስላተመችው ነው። የእኛ እናቶች ቅቤ ግን ስም የተጻፈበት ቆርቆሮ የለውም።

አሁን ወደ ሥራችን እንመለስ። በልምምዱ የቀረችው ጓደኛችን ሐሳባችንን መለወጣችንን በሰማች ጊዜ ለእናቷ ነገረቻቸው። እናቷም «ታዲያ ለዚህ ነው ልጄ ያለቀሰችው? ቀድማችሁ ለምን አልነገራችሁኝም?» ብለው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጋግረው እንደ ጨረሱ ወደ ትምህርት ቤታችን መጡ። በበርጩማ ላይ ተቀምጠው አንዷን ልጅ በጕልበታቸው መካከል አስቀመጡና እየሠሩ አስተማሩን። እንደሚከተለው ነው።

ጠጕሩ በሳሙናና በለብታ ውሃ ይታጠባል። እርጥበቱ ጨርሶ ሳይለቀው ጥቂት ለጋ ቅቤ ይቀባል፤ የደቀቀ አደስ ቢገባበት ሽታው ያምራል። ከዚያ በሚዶ ይበጠራል፤ ሲበጠርም ከጫፍ ተጀምሮ ወደ ሥር ነው እንጂ ከሥር ወደ ጫፍ አይደለም፤ አለዚያ ይበጠሳል። ከግንባር እስከ ማጅራት ቀጥ ያለ መሥመር ከወጣ በኋላ፥ ከፊት በኩል ሦስት ዘለላ ተይዞ ይጐነጐናል፤ በየእርምጃውም ከሥሩ ጥቂት ጠጕር ይጨመርበታል። ማጅራት ላይ ሲደርስ ጫፉ ተፈትቶ ይበተናል። «እንባ የሚያስመጣ ሹሩባ ጥሩ ሹሩባ አይደለም» አሉን፤ በጣም የተሳበ ጠጕር ከግንባር እየሳሳ ይሄዳልና። ይህንንም የሚያውቁት ከመጽሐፍ ሳይሆን እናታቸው በጕልበታቸው ላይ አስቀምጠው ሲሠሯቸው ነው።

የ1950ዎቹን አሠራር ደግሞ ያለ ካውያና ያለ ቢጎዲን አደረግነው። ግማሽ ስኒ ተልባ በሁለት ብርጭቆ ውሃ እያማሰልን ቀቀልን፤ እንደ እንቍላል ነጭ ሲለጠልጥ ሳይቀዘቅዝ በስስ ጨርቅ አጠለልነው። ቀዝቀዝ ሲልም ርጥብ ጠጕር ላይ ቀባነው። ከዚያ ጠጕሩን ጥቂት በጥቂቱ ከአሮጌ ነጠላ በተቀደደ ጨርቅ ላይ ከጫፍ ወደ ሥር ጠቅልለን ቋጠርነው፤ ሻሽ አስረንም አደርን። በማግሥቱ ስንፈታው በአሮጌው ፎቶግራፍ ላይ የምናየውን ጥቅልል ይመስል ነበር። ወጪው የተልባው ብቻ ሆነ።

በኬሚስትሪ ትምህርታችን ምክንያቱን መረመርነው። ጠጕር ሲርስ በውስጡ ያሉት ደካማ ትስስሮች ይላቀቃሉ፤ ሲደርቅም በተጠቀለለበት ቅርጽ እንደ ገና ይያያዛሉ። ዝናብ ሲነካው የሚፈታውም ስለዚህ ነው። ጠጕርን ለዘለቄታው የሚያለሰልሱት መድኃኒቶች ግን ጠንካራውን ትስስር ይሰብራሉ፤ በአንዳንዶቹ ውስጥ ያለው ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሳሙና የሚሠራበት ነው። ከመካከላችን አንዷ ከሁለት ዓመት በፊት እንዲህ ያለ መድኃኒት ተቀብታ የራሷ ቆዳ ቈስሎ ነበር። ስለዚህ ርካሹ ሁልጊዜ የከፋው፥ ውዱም ሁልጊዜ የተሻለው አለመሆኑን ተረዳን። ይህን ስንል ግን በጠጕር ቤት የሚሠሩትን እኅቶቻችንን ለመንቀፍ አይደለም፤ እነርሱም በእጃቸው ጥበብ የሚኖሩ ናቸው። የምንለው፥ የሚከፍለው የሌለው ሰው ውበት የለውም ተብሎ እንዳይታሰብ ነው።

የበዓሉ ዕለት አሥራችንም ተሠርተን በየዘመናችን ተራ ቆምን። አምስቱን እናቷ፥ አምስቱን እርስ በርሳችን ሠራን። ያች ቀርታ የነበረችው ጓደኛችን በሹሩባዋ ከሁሉ ፊት ቆማ ለእንግዶች አሠራሩን ታስረዳ ነበር፤ ከእርሷ የበለጠ የሚያውቀው አልነበረምና።

ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ እናቷን «እትዬ፥ ስምዎን በመጽሔቱ ላይ እንጻፈው?» ብለን ጠየቅናቸው። ሳቁና «ሹሩባ የሠራ ሰው ስም ደግሞ ይጻፋል እንዴ? ተዉኝ ልጆቼ፤ ይልቅ እጃችሁን አለማምዱ» አሉን። ፈቃዳቸውን ጠብቀን ስማቸውን አልጻፍንም። ነገር ግን ባለ እጆቹ ከታሪክ እንዴት እንደሚቀሩ ያን ጊዜ ገባን። የሚደብቃቸው ጠላት የለም፤ እነርሱ ስለ ራሳቸው አይናገሩም፤ እኛም ዘግይተን እንጠይቃለን።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፥ ይህን መጽሔት ይዘህ ወይም ይዘሽ ወደ ቤት ስትመለሱ፥ የአያታችሁን ጠጕር ማን ይሠራው እንደ ነበር ጠይቁ። መልሱን በደብተራችሁ ጻፉት። የሚያውቁት ሰዎች ዛሬ በቤታችሁ አሉ፤ ሁልጊዜ ግን አይኖሩም። ከተቻለም ከፊታቸው ተቀመጡና ሲሠሩ እጃቸውን ተመልከቱ። እኛ ከአሥራችን ስድስታችን ዛሬ ሹሩባ መሥራት እንችላለን፤ የቀሩት አራቱም በመማር ላይ ናቸው።