የሽቦ ብልሽትና የጥገና ሰዓት ግምት

እ.ኤ.አ. በ1897 የተጀመረው የጅቡቲ–አዲስ አበባ ምድር ባቡር በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። 784 ኪሎ ሜትሩ ነጠላ ሐዲድ ስለ ነበር፣ በጣቢያዎች መካከል መልእክት ከተቋረጠ ባቡር በረሓ ላይ ይቆም ነበር፤ የጣቢያው ሹምም «መቼ ይጠገናል?» ይባል ነበር።

ፍኖተ ሰላምና ቡሬ የባቡር ፉጨት ባይሰሙም፣ በምዕራብ ጎጃም ገጠር ለሚዘረጋ የስልክ ሽቦ ጥያቄው ያው ነው። የተበጠሰውን መቀጠል የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ጊዜ የሚበላው ቦታውን አግኝቶ መድረሱ ነው። ሽቦው መሬት ሲነካ ከጣቢያ ሆኖ የኤሌክትሪክ ተቃውሞውን በመለካት ርቀቱን ማስላት ይቻላል። በክረምት ግን እርጥበቱ ልኬቱን ያዛባል፤ ጭቃውም መኪናውን ይይዛል። ስለዚህ በእኔ አስተያየት ለጠያቂው አንድ ሰዓት ከመቁረጥ፣ የመድረሻውንና የመጠገኛውን ጊዜ ለይቶ መንገር ይሻላል፤ የመጀመሪያው በሐምሌና በጥር አንድ አይደለምና።