ስለ ዘመናዊ የእጅ ስልክ ማኅደረ ትውስታ

እ.ኤ.አ. በ1962 በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ የተመረቀው አትላስ ኮምፒዩተር፣ ዋናው ማኅደረ ትውስታ ሲጠበው ገጾችን ወደ ማግኔታዊ ከበሮ እያወረደ ይሠራ ነበር። በ2007 ገበያ ላይ የዋለው አይፎን ግን 128 ሜጋባይት ብቻ ይዞ ሳለ ይህን ዘዴ አልተከተለም፤ ፍላሽ ማከማቻ ደጋግመው ሲጽፉበት ያረጃልና። የሌሎች አዘጋጆች ፕሮግራሞች ከጀርባ እንዲሠሩ የፈቀደውም በ2010 ሲሆን፣ ያውም ለተወሰኑ ተግባራት ብቻ ነበር። በ2008 ለገበያ የቀረበው አንድሮይድ በአንጻሩ ከመነሻው ፈቀደ፤ ይሁን እንጂ ቦታ ሲጠበው፣ ተጠቃሚው የማያያቸውን ፕሮግራሞች አስቀድሞ ይዘጋል።

ከዚህ የምንረዳው ቁም ነገር አለ። በአትላስ ዘመን የፕሮግራሙን ሁኔታ ጠብቆ የሚያቆየው ማሽኑ ነበር፤ በእጅ ስልክ ግን ይህ ኃላፊነት በአብዛኛው ወደ ፕሮግራም አዘጋጁ ተዛወረ። በመሆኑም ተጠቃሚው ጀምሮ የተወው ጽሑፍ ሲመለስ ቢጠፋበት፣ ጉድለቱ ከማኅደሩ ጥበት ይልቅ ሁኔታውን በወቅቱ ካላስቀመጠው ባለሙያ ዘንድ ሊፈለግ ይገባል።