በአንድ ሐረግ የሚኖር ዝርያ፦ የንግሥት አሌክሳንድራ ቢራቢሮ በፓፑዋ ኒው ጊኒ

እ.ኤ.አ. በ1906 አልበርት ሚክ የተባለ ነፍሳት ሰብሳቢ በኒው ጊኒ ደን ውስጥ ከፍ ብላ የምትበር አንዲት ቢራቢሮ አየ። መረብ ስላልደረሰላት በጠመንጃ ተኩሶ አወረዳት። እንግሊዛዊው ዋልተር ሮትሺልድ በዓመቱ በንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ ባለቤት በንግሥት አሌክሳንድራ ስም ሰየማት።

ሴቷ ክንፎቿን ስትዘረጋ 25 ሴንቲ ሜትር ትሞላለች፤ ከስንዝር ታልፋለች ማለት ነው። በዓለም ላይ ከእሷ የሚተልቅ ቢራቢሮ አይታወቅም። ወንዱ በመጠን ቢያንስም ሰማያዊና አረንጓዴ ክንፉ ያብረቀርቃል።

የምትገኘው በኦሮ ግዛት፣ በፖፖንዴታ ዙሪያ ባለው ቆላማ ደንና በማናጋላስ አምባ ብቻ ነው። መኖሪያዋን ይህን ያህል ያጠበበው የእጮቿ ምግብ ነው። ቢራቢሮዋ በዛፎች አናት ላይ የአበባ ማር ስትቀስም፣ እጮቿ የሚያድጉት በአሪስቶሎኪያ ወገን በሆነና እስከ ዛፎቹ ጫፍ በሚሳብ ሐረግ ላይ ነው። እጯ ከእንቁላሉ እንደወጣች መጀመሪያ ቅርፊቱን ትበላለች፤ ከዚያ ወደ ለጋው ቅጠል ታልፋለች። አካሏ ጥቁር ሆኖ ቀያይ ሾጣጣ ጉብታዎች ተደርድረውበታል፤ ወገቧ ላይ ነጣ ያለ መቀነት አለ። የሐረጉን መርዝ በሰውነቷ ስለምታከማች ለአዳኞች አትጥምም። ፑፓ ከመሆኗ በፊት ደግሞ የሐረጉን ልጥ ዙሪያውን ትግጠዋለች፤ ሐረጉም ይደርቃል። ለዚህም ነው ጥቂት ሐረግ የቀረበት ቁራጭ ደን የማይበቃት።

ከእንቁላል እስከ ቢራቢሮ አራት ወር ገደማ ይፈጃል።

እ.ኤ.አ. ጥር 21 ቀን 1951 የላሚንግተን ተራራ ፈንድቶ 3000 የሚጠጋ ሰው ፈጀ፤ 250 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል መኖሪያዋንም አወደመ። ከዚያ ወዲህ ትልቁ ጠላቷ የፓልም ዘይት እርሻ ሆኗል። ሳይቲስ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1987 ንግዷን ከለከለ፤ ክልከላው ግን ምንጣሮን አያስቆምም። በፓፑዋ ኒው ጊኒ የመንደር ሰዎች ንግዳቸው የተፈቀደ ሌሎች ዘመዶቿን ሐረግ ተክለው እያረቡ በቡሎሎ በሚገኘው የነፍሳት ንግድ ተቋም በኩል ይሸጣሉ። በጥብቅ ቁጥጥር ሥር ለእሷም ይኸው ቢፈቀድ፣ ባለመሬቱ ደኑን ለእርሻ ከመመንጠር ሐረጉን ጠብቆ ማቆየትን የሚመርጥበት ጥቅም ያገኝ ነበር።