የሠራተኛ ማኅበር ባለቤቱ ማን ነው? ከባርሴሎና እስከ አቃቂ፣ ከአቃቂ እስከ ማንኩሳ

መግቢያ

ወደ አማርኛ የፖለቲካ አነጋገር ከገቡት ባዕድ ቃላት መካከል «አናርኪስት» የሚለውን ያህል ትርጉሙ ሳይጠየቅ የተሠራበት ቃል ጥቂት ነው። ቃሉ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በራዲዮና በጋዜጣ ዘወትር ይሰማ የነበረ ሲሆን፣ በዚያ ጊዜ የሚያገለግለው አንድን ሐሳብ ለማስረዳት ሳይሆን ሰውን ለመክሰስ ነበር። በዚያ ስም የተጠሩት አብዛኞቹ ወጣቶች የማርክስንና የሌኒንን ትምህርት የሚከተሉ በመሆናቸው ቃሉ በእውነተኛ ፍቺው አይመለከታቸውም ነበር። ይሁን እንጂ ስሙ እስር ቤት ያስገባ፣ ከዚያም አልፎ ሕይወት ያስጠፋ ነበር። ብዙ ሰውም እስከ ዛሬ ድረስ ቃሉን «ሥርዓተ አልበኝነት» ከሚለው ለይቶ አያየውም።

ቃሉ በተወለደበት አገር ግን የአንድ ትልቅ የሠራተኛ ንቅናቄ መጠሪያ ነው። ይህ ንቅናቄ ያነሣው ጥያቄ ባጭሩ ሲገለጽ፣ ሠርቶ አደር ሰዎች በላያቸው ገዥ ሳይሾሙ ሊተባበሩ ይችላሉን? የሚል ነው። በኢትዮጵያ በዚህ ስም የተቋቋመ የሠራተኛ ማኅበር ኖሮ አያውቅም። ጥያቄው ግን በድሬዳዋ የባቡር ሠራተኞች፣ በወንጂና በአቃቂ ፋብሪካዎች፣ በጎጃም ገበሬዎችም ዘንድ በልዩ ልዩ መልክ ተነሥቷል። እኛም በሙያ ማኅበር የተሰባሰብን ሰዎች እንደመሆናችን ጉዳዩ ከሩቅ የሚታይ የሌላ ሰው ታሪክ አይደለም።

ለዚህ ጽሑፍ መለኪያ ይሆኑ ዘንድ ሦስት ጥያቄዎችን እንያዝ። ጉባኤውን የሚጠራው ማን ነው? መሪውን የሚያወርደው ማን ነው? የመዋጮው ሣጥን ቁልፍ በማን እጅ ነው?

1. የባርሴሎናው ፌዴሬሽን

እ.አ.አ. በ1910 በስፔን ባርሴሎና ከተማ የተሰበሰቡ የሠራተኛ ማኅበራት የሠራተኞች ብሔራዊ ኮንፌዴሬሽን የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። መሥራቾቹ ከፖለቲካ ፓርቲም ሆነ ከመንግሥት የሚመጣን አመራር አልተቀበሉም። አሠራራቸውም ከዚህ እምነት ጋር የተስማማ ነበር። ሥልጣን የሚጀምረው በሥራ ቦታ ከሚደረገው የሠራተኞች ጉባኤ ሲሆን፣ ወደ ከፍተኛው ስብሰባ የሚላከው ተወካይ የተሰጠውን ቃል የሚያደርስ መልእክተኛ እንጂ በራሱ ፈቃድ የሚወስን አለቃ አልነበረም። ቃሉን ካልጠበቀ ይነሣል። በደመወዝ የሚኖሩ የማኅበር ሹማምንትም እጅግ ጥቂት ነበሩ።

የዚህ አሠራር ኃይል የታየው እ.አ.አ. በ1919 ነው። በባርሴሎና በአንድ የኤሌክትሪክ ኩባንያ የተጀመረ የሥራ ማቆም አድማ ወደ ሌሎች ፋብሪካዎች ተዛምቶ 44 ቀን ቆየ፤ ከተማዪቱም በጨለማ ተዋጠች። በመጨረሻም መንግሥት በቀን የ8 ሰዓት ሥራን በአዋጅ ለመቀበል ተገደደ።

ድክመቱም በዚያው በስፔን ታየ። እ.አ.አ. በ1936 የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሣ የኮንፌዴሬሽኑ አባሎች በካታሎኒያ ፋብሪካዎችን፣ በአራጎን የእርሻ መሬቶችን በጋራ ማስተዳደር ጀመሩ። ነገር ግን ጦርነቱ አስገድዷቸው በዚያው ዓመት ኅዳር ወር አራት ሰዎቻቸው የመንግሥት ሚኒስትሮች ሆኑ። መንግሥትን አንቀበልም ብሎ የተነሣ ማኅበር የመንግሥት አካል ሆነ ማለት ነው። አባሎቹም በዚህ ነገር ተከፋፈሉ። እ.አ.አ. በ1939 ጄኔራል ፍራንኮ ሲያሸንፍ ማኅበሩ ታገደ፤ በሕጋዊነት እንደገና የቆመው እ.አ.አ. በ1977 ነበር።

2. ከዕድር ወደ ኮንፌዴሬሽን

በአገራችን በደመወዝ የሚኖር ሠራተኛ በብዛት መታየት የጀመረው ከምድር ባቡር ጋር ነው። በድሬዳዋ የባቡር ሠራተኞች ከጣልያን ወረራ በኋላ ማኅበር አቋቁመው እ.አ.አ. በ1947 ሥራ ባቆሙ ጊዜ የመንግሥት ኃይል በጉልበት በተናቸው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሠራተኛው መሰባሰቢያ ያደረገው ማንም የማይጠረጥረውን ዕድርን ነበር። የሆላንድ ኩባንያ በነበረው በወንጂ ስኳር ፋብሪካም ሠራተኞች አስቀድመው የተደራጁት በመረዳጃ ዕድር ነው። ይህ ሊያስደንቅ አይገባም። ዕድር ዳኛውን በራሱ አባሎች የሚመርጥ፣ መዋጮውን በራሱ ሰዎች ፊት የሚቆጥር፣ ሕጉን ራሱ የሚያወጣ ማኅበር በመሆኑ ሠራተኛው የማኅበርን ሥራ አስቀድሞ የተማረበት ትምህርት ቤት ነበር።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ47ኛው አንቀጽ የሥራ ማኅበር የማቋቋም መብትን ቢጠቅስም ይህን የሚያስፈጽም ሕግ የወጣው ከታኅሣሥ 1953ቱ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ በኋላ ነው። በ1954 ዓ.ም. መጨረሻ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ድንጋጌ ወጣ፤ በ1956 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 210 ተከተለው። በዚሁ መካከል በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር፣ ባጭሩ ኢሠአማ፣ ተመሠረተ።

ሕጉ መብት ሲሰጥ አጥርም አጥሯል። ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ 50 ሠራተኛ ያስፈልግ ነበር። የመንግሥት ሠራተኞች፣ የቤት አገልጋዮችና በአነስተኛ እርሻ የሚሠሩ ሰዎች ከሕጉ ውጭ ተደረጉ። ሥራ ለማቆምም ረጅም የሽምግልናና የውሳኔ መንገድ መጠበቅ ግድ ነበር። የኢሠአማ ጽሕፈት ቤትም ከአባሎቹ መዋጮ ይልቅ ከውጭ አገር፣ በተለይም ከአሜሪካ የሠራተኞች ማኅበራት በሚመጣ ርዳታ ላይ አብዝቶ ተደገፈ። ስለዚህ መሪዎቹ ብዙ ጊዜ በአባሎቻቸው ዘንድ በለዘብተኝነት መወቀሳቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። የሣጥኑ ቁልፍ በአባሎች እጅ ባልሆነበት ማኅበር የአባሎች ድምፅ ዘግይቶ መሰማቱ አይቀርም።

3. ከየካቲት 1966 እስከ ኅዳር 1968

ዘግይቶም ቢሆን ተሰማ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን የትምህርቱን ዘርፍ ጥናት በመቃወም ሥራ አቆሙ፤ ባለታክሲዎችም ተከተሉ። ኢሠአማ ከየካቲት 28 እስከ መጋቢት 1 ቀን 1966 ዓ.ም. በአገሪቱ ታሪክ የመጀመሪያ የሆነውን ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ። በ16 ነጥብ ከቀረቡት ጥያቄዎች መካከል የዝቅተኛ ደመወዝ መወሰን፣ የአሠሪና ሠራተኛው ሕግ መሻሻልና የመንግሥት ሠራተኞች የመደራጀት መብት ይገኙ ነበር። የመጨረሻው ነጥብ ልብ ሊባል ይገባዋል። የተደራጀው ሠራተኛ ለራሱ ብቻ ሳይሆን ሕግ ላገለለው ወገኑም ተሟግቷልና።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን ወረዱ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ኢሠአማ ሥልጣን ወታደሮች በያዙት መልክ መቀጠሉን በመቃወም ሕዝባዊ መንግሥት እንዲቋቋም ጠየቀ። መልሱ እስራት ነበር፤ ፕሬዚዳንቱ አቶ በየነ ሰሎሞን፣ ዋና ጸሐፊው አቶ ፍስሐ ጽዮን ተኬና አቶ ግደይ ገብሬ በዚያው ወር ታሰሩ። በ1967 ዓ.ም. ማብቂያ ግድም በአቶ ማርቆስ ሐጎስ የሚመራ አዲስ አመራር ተመረጠ። ይህም አመራር የመናገር፣ የመጻፍና የመደራጀት መብት እንዲከበር በጉባኤ ወሰነ። መስከረም 14 ቀን 1968 ዓ.ም. የጉባኤው ውሳኔ የታተመበት ወረቀት በኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠራተኞች መካከል ሲታደል ወታደሮች ተኩስ ከፍተው ሰዎች ሞቱ። ከ5 ቀን በኋላ በአዲስ አበባ የአስቸኳይ ጊዜ ሁኔታ ታወጀ፤ በኅዳር ወር በወጣው አዋጅ ቁጥር 64 ኢሠአማ ቀረ።

በምትኩ በ1969 ዓ.ም. የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር ቆመ። በዚያው ዓመት የአዲሱ ማኅበር ሊቀ መንበር አቶ ቴዎድሮስ በቀለ በጥይት ተገደሉ፤ የቀድሞው የኢሠአማ መሪ አቶ ማርቆስ ሐጎስም በከተማው አሰሳ ጊዜ ሕይወታቸው አለፈ። ወገንና ተቃዋሚ ሳይለይ የሠራተኛ መሪ መሆን ሞትን የሚያስከትል ሥራ ሆኖ ነበር። ከዚያ በኋላ ለ14 ዓመታት የማኅበሩ ስም እንጂ የማኅበሩ ባለቤትነት በሠራተኛው ዘንድ አልነበረም። የበታቹ ለበላዩ ውሳኔ ይገዛል የሚለው መርህ የባርሴሎናውን መሰላል ገልብጦ አቆመው።

4. ማንኩሳና ዳሞት

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘውን ማንኩሳን ብዙ አንባቢ የሚያውቃት የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ባለታሪክ የበዛብህ ትውልድ አገር በመሆኗ ነው። በዚያ መጽሐፍ ገበሬዎች ከልማድ ውጭ የሆነ ግብር አንከፍልም ብለው በአበጀ በለው መሪነት ጌታቸውን ይቋቋማሉ። መጽሐፉ በታተመ በሁለት ዓመቱ፣ በ1960 ዓ.ም.፣ የጎጃም ገበሬ በእውነት ተነሣ።

ምክንያቱ በዚያው ዓመት የወጣው የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ነበር። በርስት የሚኖረው ገበሬ፣ ገማቾች ወደ ማሳው ሲገቡ መሬቱ ተለክቶ ርስቱ ይወሰዳል ብሎ ሠጋ። በሞጣ፣ በብቸናና በዳሞት ገማቾችን አባረረ፤ ግብር አልከፍልም አለ። ይህን ያስተባበረ የተጻፈ ሥርዓተ ማኅበር ያለው ድርጅት አልነበረም። እያንዳንዱ አጥቢያ የጎበዝ አለቃውን መረጠ፤ በመሐላ ተሳሰረ፤ ወደ ጎረቤት አጥቢያም መልእክተኛ ላከ። ሥራውን ለቀቅ ያደረገ የጎበዝ አለቃ በሌላ ይተካል። ባርሴሎናን በስም እንኳ የማያውቅ ገበሬ ከራሱ ልማድ ተነሥቶ ተመሳሳይ መሰላል ሠራ ማለት ይቻላል። ወንፈልን የሚያውቅ ሰው፣ ዛሬ እኔ ላንተ ነገ አንተ ለእኔ በሚል ስምምነት እርሻ የሚያርስ ሰው፣ ይህን ለመሥራት መምህር አላስፈለገውም።

መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ላከ፤ መንደሮች ተደበደቡ። ቢሆንም ግብሩን መሰብሰብ አልተቻለም። ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ተነሥተው በሌላ ተተኩ፤ የቀድሞው ዘመን ውዝፍ ግብርም ተሰረዘ።

ይሁን እንጂ ይህን ንቅናቄ ከሚገባው በላይ ማሞገስ ታሪክን ማጣመም ይሆናል። የተነሣው ባለርስቱ ነበር፤ የቆመውም ያለውን ለመጠበቅ ነው። ርስት የሌለው ሸማኔ፣ ቀጥቃጭና ጢሰኛ በጎበዝ አለቃ ምርጫ እኩል ድምፅ አልነበረውም። ግቡ ሲፈጸም ማሰሪያውም ተፈታ፤ ለነገ የሚተርፍ ማኅበር አልተወም።

ማኅበሩ የመጣው ከላይ ነው። የየካቲት 1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ቢያንስ በ800 ሄክታር አንድ የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም አዘዘ። በመጀመሪያ ገበሬው መሪዎቹን ስለመረጠና በመካከሉ የሚነሣውን ክርክር ስለዳኘ ተስፋ ታይቶ ነበር። ውሎ ሲያድር ግን ማኅበሩ የእህል ኮታ መሰብሰቢያ፣ የብሔራዊ ውትድርና መመልመያና የመንደር ምሥረታ ማስፈጸሚያ ሆነ። ጎጃም ትርፍ አምራች በመሆኑ የኮታው ሸክም በረታበት። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲነገር ገበሬው ያለ ማንም ቀስቃሽ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራትን በጥቂት ወራት ውስጥ አፈረሰ። ወንፈሉንና ዕድሩን ግን ማንም አላፈረሰም። የመጀመሪያው የሌላ ሰው ነበር፤ ሁለተኛው የራሱ ነው።

መደምደሚያ

በ1985 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 42 መሠረት የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ተቋቋመ። በ1987 ዓ.ም. ከመንግሥት ጋር በመጋጨቱ ጽሕፈት ቤቱ ተዘግቶ በ1989 ዓ.ም. እንደ አዲስ ተደራጀ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ42ኛው አንቀጽ የመደራጀትንና ሥራ የማቆምን መብት አውጇል። የመንግሥት ሠራተኛው ግን በ2011 ዓ.ም. ከወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156ም ውጭ ነው። በመጋቢት 1966 የተነሣው ጥያቄ በሙሉ ተመለሰ ማለት አይቻልም።

የባርሴሎናው፣ የአቃቂውና የዳሞቱ ታሪክ በአንድነት ሲታዩ ሁለት ነገር ያስተምሩናል። ከላይ የተሰጠ ማኅበር ሰጭው ሲወድቅ አብሮ ይወድቃል። ከታች የበቀለ ማኅበር ደግሞ በመሐላና በወኔ ብቻ ከቆመ፣ ደካማውን ወገን ካገለለና መዝገብ ካልያዘ ዘመን አይሻገርም። እንግዲህ ሦስቱ ጥያቄዎች በእኛም ፊት ናቸው። በመጪው ጠቅላላ ጉባኤ አዳራሹ ውስጥ ስንቀመጥ ጉባኤውን ማን ጠራው? የመረጥነውን ማውረድ እንችላለን? የሒሳቡን መዝገብ አይተነዋል? የሚሉትን ጮክ ብሎ የሚጠይቅ አባል ቢነሣ፣ አናርኪስት ነው ብለን ዝም አናሰኘው፤ የማኅበሩ ባለቤት ነውና መልስ እንስጠው።