የልዑል ዓለማየሁ ፎቶግራፍና የሕፃናት ፊት

የታሪክ መምህር የመቅደላን ዘመቻ በሚያስተምርበት ጊዜ፣ የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በእንግሊዝ አገር የተነሣውን ፎቶግራፍ ለተማሪዎቹ ሲያሳይ፣ ከመካከላቸው «ምንኛ አዝኗል!» የሚል አይጠፋም። ይህ ቃል ከርኅራኄ የመነጨ ስለ ሆነ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ፎቶግራፍም እንደ ማናቸውም የታሪክ ምስክር ሊመረመር ይገባዋል። የሕፃኑ ፊት ስለ ልቡ የሚመሰክረውንና ስለ መሣሪያው የሚመሰክረውን ለይቶ ማሳየት የመምህር ተግባር ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ አምባ ላይ በገዛ እጃቸው ሲሞቱ ልጃቸው ሰባት ዓመት ገደማ ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ከእንግሊዝ ጦር ጋራ ወደ ባሕር ሲጓዙ በመንገድ ዐረፉ። ሕፃኑም በካፒቴን ስፒዲ ጠባቂነት ባሕር ተሻግሮ ዋይት ወደምትባለው ደሴት ደረሰ፤ ንግሥት ቪክቶሪያም በዚያ ተቀበሉት። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር፣ በደሴቲቱ ይኖሩ የነበሩት ወይዘሮ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ያገሩን ልብስ እንደ ለበሰ ፎቶግራፍ አነሡት።

እንግዲህ መሣሪያውን እንመልከት። (የውጭውን አገር ዘመን በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ።) በዚያን ጊዜ ፎቶግራፍ የሚነሣው ኮሎዲዮን የሚባል ፈሳሽ በተቀባ እርጥብ መስተዋት ላይ ነበር። በወይዘሮ ካሜሮን ፊት የሚቀመጥ ሰው ከሦስት እስከ ሰባት ደቂቃ ያህል ሳይንቀሳቀስ መቆየት ነበረበት። ፈገግታን ሦስት ደቂቃ ለመያዝ የሚሞክር ሰው ጉንጩ ሲንቀጠቀጥ ይታወቀዋል። የሳቀ ወይም ዘወር ያለ ሕፃን በመስተዋቱ ላይ ጭጋግ ሆኖ ይቀር ነበር። ስለዚህም በየፎቶግራፍ ቤቱ የተነሺውን ራስ ከኋላ የሚደግፍ ብረት ይቆም ነበር፤ ሕፃን ሲሆንም እናቲቱ በጨርቅ ተሸፍና ትይዘው ነበር። ከዚህ የተነሣ የዚያ ዘመን ሕፃናት ሁሉ ሽማግሌ መስለው ይታዩናል።

ሊቃውንትም በዚህ ተቸግረው ነበር። ቻርልስ ዳርዊን በዚያው በ1868 ክረምት ወደዚያች ደሴት መጥቶ በእኒሁ ወይዘሮ ፎቶግራፍ ተነሥቷል። ከአራት ዓመት በኋላ ስሜት በፊት ላይ እንዴት እንደሚገለጥ የሚናገር መጽሐፍ ባሳተመ ጊዜ፣ ኦስካር ሬይላንደር ያነሣቸውን የሕፃናት ፎቶግራፎች አስገባበት። ከእነርሱም አንዱ የታወቀው የሚያለቅስ ሕፃን ሥዕል፣ ከፎቶግራፍ ላይ በእጅ ተሥሎ እንደ ገና በፎቶግራፍ የተነሣ መሆኑን የኋላ ተመራማሪዎች ደርሰውበታል። የሕፃንን ልቅሶ አጥርቶ ለማሳየት ካሜራው ብቻውን አልበቃም ማለት ነው።

እንግሊዛዊው ሐኪም ማዶክስ በ1871 የደረቀውን መስተዋት ፈለሰፈ፤ እርሱም ተሻሽሎ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ደቂቃው ወደ ቅጽበት ወረደ። በ1888 ኮዳክ፣ በ1900 ደግሞ ባንድ ዶላር የሚሸጠውና ልጆች እንኳ የሚይዙት ብራውኒ ወጣ። የሚሮጥ፣ የሚስቅ፣ የሚገረም ሕፃን እንደ ተፈጥሮው ሊነሣ የሚችልበት ጊዜ ደረሰ። በአገራችንም የምኒልክን ቤተ መንግሥት ያገለገለው አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያን፣ ከእርሱም በኋላ ልጆቹ፣ ይህን ጥበብ አስፋፍተዋል።

ሆኖም መሣሪያው ሲፈጥን ትእዛዙ አልተለወጠም። ዛሬ ካሜራ በየሰዉ ስልክ ውስጥ ሳለ፣ በየትምህርት ቤቱ የመታሰቢያ ፎቶግራፍ ሲነሣ «ቀጥ በሉ! ዝም በሉ! ሳቁ!» እንላለን። ፈረንሳዊው ሐኪም ዱሼን በ1862 ባሳተመው ጥናት እንዳመለከተው፣ ከንፈር ለፈቃድ ሲታዘዝ በዓይን ዙሪያ ያለው ጡንቻ ግን የሚታዘዘው ለእውነተኛ ደስታ ነው። በትእዛዝ የሳቀ ልጅ በአፉ ብቻ የሚስቀው ስለዚህ ነው። የልጁን እውነተኛ ፊት ማየት የሚፈልግ መምህር ሥራ ይስጠው፤ ከቁመቱ ጋራ ለመስተካከል ዝቅ ይበል፤ ካሜራውን እስኪረሳው ድረስ ይታገሥ።

ወደ ልዑል ዓለማየሁ እንመለስ። የፊቱ ጸጥታ የመስተዋቱ ግዴታ ነበርና በእርሱ ብቻ ኀዘኑን ልንመሰክር አንችልም። ይህ ማለት ግን አላዘነም ማለት አይደለም፤ ኀዘኑን የምናውቀው አባቱንና እናቱን ባንድ ወቅት ካጣው ልጅ ታሪክ ነው። በኅዳር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ በሊድስ ከተማ ዐርፎ በዊንድሰር ተቀበረ። መምህር ይህን ፎቶግራፍ ሲያሳይ ተማሪዎቹን ሦስት ነገር ይጠይቃቸው፤ ልጁ ሳይንቀሳቀስ የተቀመጠው ስንት ደቂቃ ነው? እዚያ ያስቀመጠው ማን ነው? ከፎቶግራፉ ውጭ ስለ እርሱ የምናውቀውስ ምንድን ነው? እነዚህን መጠየቅ የለመደ ተማሪ የሰውን ፊት አይቶ ለመፍረድ አይቸኩልም።