ከተወሰነው ፍጥነት በላይ፦ የኮምፒዩተር ባስ ታሪክና የአዲስ አበባ ከፍታ

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ከሠራው ድርጅት ምሕጻረ ቃል፣ ከ«ካዛ ኢንቺስ» ነው። የጥንቱ ሰፈር ትልቁ ክፍል በ2017 ዓ.ም. ፈርሷል፤ በአካባቢው የሚገኘው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግን በኮምፒዩተር ታሪክ ውስጥ ያለውን ቦታ እንደያዘ ነው። ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ1980 ፓዲስ የተባለውን የመረጃ ሥርዓት አቋቋመ፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያም በግል ኮምፒዩተሮችና በተራ የስልክ መስመር የኤሌክትሮኒክ መልእክት ይለዋወጥ ነበር። ያን ጊዜ የሥራው ማነቆ ስልኩ እንጂ ኮምፒዩተሩ ስላልነበረ፣ ማሽኑን ማፍጠን መልእክቱን አያፈጥነውም ነበር። ማነቆው ማሽኑ ራሱ ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል።

እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው የአይ.ቢ.ኤም. ኤ.ቲ. በ6 ሜጋኸርትዝ ይሠራ የነበረ ሲሆን፣ ምቱን የሚቀበለው ከ12 ሜጋኸርትዝ ክሪስታል ነው። ክሪስታሉን በ16 ሜጋኸርትዝ የተኩ ሰዎች ማሽኑን 8 ላይ አደረሱት። ይሁን እንጂ ባስ የሚባለው፣ ካርዶቹ መረጃ የሚለዋወጡበት የጋራ መስመር፣ ከፕሮሰሰሩ ጋር በአንድ ምት ይሄድ ስለነበር፣ ካርዶቹም ፈቃዳቸው ሳይጠየቅ ይፈጥኑ ነበር። ፋብሪካው ውሎ አድሮ ፍጥነቱን የሚመረምር ፕሮግራም በቋሚ ሜሞሪው ውስጥ አስገብቶ፣ የተፋጠነው ማሽን እንዳይነሣ አደረገ።

ዝነኛው ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1998 የቀረበው የኢንቴል ሴሌሮን 300ኤ ነው። የ66 ሜጋኸርትዝ ባስ በ4.5 ሲባዛ 300 ይሆናል፤ ማባዣው በፋብሪካ ስለተቆለፈ የቀረው መንገድ ባሱን ማሳደግ ብቻ ነበር። ባሱ 100 ሲሆን ብዙዎቹ 450 ላይ በሰላም ይሠሩ ነበር። የሚያስገርመው፣ መካከለኛው 83 ከ100 ይልቅ አደገኛ መሆኑ ነው። ለ33 ሜጋኸርትዝ የተሠራው የፒ.ሲ.አይ. መስመር 66ን ለ2፣ 100ን ለ3 በማካፈል ልኩን ይጠብቃል፤ 83 ለ2 ሲካፈል ግን ከ41 በላይ ይወጣል። የሃርድ ዲስኩ መቆጣጠሪያም በዚያው መስመር ላይ ስለሚሠራ፣ ማሽኑ ሳይቆም የተበላሸ ፋይል ሊጽፍ ይችላል። ባለቤቱ ጉዳቱን የሚያውቀው ከሳምንት በኋላ ሊሆን ይችላልና፣ ከመቆም ይህ ይከፋል።

ለአዲስ አበባ ባለሙያ ሌላም ሒሳብ አለ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በ2,355 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ጠረፍ በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ያው ማራገቢያ የሚወስደው ሙቀትም በዚሁ መጠን ይቀንሳል። ቮልቴጅ ሲጨመር ደግሞ ሙቀቱ ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር ያድጋል። ስለዚህ ጥንቃቄው ፋይልን በሌላ ዲስክ አስቀምጦ፣ ባሱን በትንሽ በትንሹ ከፍ እያደረጉ፣ የፒ.ሲ.አይ.ን አካፋይ ከየእርምጃው ጋር እያሰሉ፣ ሜሞሪውን ለብዙ ሰዓት መፈተን ነው። በሐምሌ ሌሊት የተሳካ ሙከራም በመጋቢት እኩለ ቀን እንደገና መደረግ ይኖርበታል።